ጠቦቱ ሳይሸጥ ይመዝገብ? የበየዳ በግና የአባት ስም ዋጋ

በደባርቅ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው በአንድ እጁ ቀንዱን ይይዝና በሌላው ወገቡን ይጨብጣል። ቀጥሎ ላቱን ከፍ አድርጎ ይመዝናል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ጠቦት ከሆነም ቆለጡን ይዳስሳል። ይህ ሁሉ ምርመራ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። የለመደ ነጋዴ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ከበጉ ምን ያህል ሥጋ እንደሚወጣ፣ ጤነኛ መሆን አለመሆኑንና ቢደለብ የሚያዋጣ መሆኑን ይገምታል፤ ግምቱም ብዙ አይስትም። በእጅ ተዳሶም ሆነ በዓይን ታይቶ የማይገኝ ነገር ግን አለ። እርሱም በጉ የማን ልጅ እንደሆነና መቼ እንደተወለደ ነው።

በጉ የሚገዛው ለበዓል እርድ ከሆነ ይህ ጥያቄ ትርጉም የለውም። ድስት ውስጥ የገባን በግ አባቱ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለዘር ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለመንጋው አውራ የሚፈልግ ገዢ «አባቴ፣ ይኼ ጠቦት የየትኛው አውራ ልጅ ነው?» ብሎ ባለበጉን ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «የኛው ነው ልጄ፣ እቤት የተወለደ፤ እናቱም መንታ ትወልዳለች» የሚል ነው። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ገዢው የሚያረጋግጥበት መንገድ ስለሌለው እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም እኩል ይቆጥራቸዋል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያወርዳል።

ለመሆኑ አርቢው ግልገሉን ከመሸጡ በፊት ቢመዘግበውና ስም ወይም ቁጥር ሰጥቶ ገበያ ቢያወጣው ይጠቀማል ወይስ ይከስራል? ጥያቄው በውጭው ዓለም በተለይ በውሻ አርቢዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲነሳ የኖረ ነው። በእኛ አገር ገጠር ቡችላ ባብዛኛው ለጎረቤት ይሰጣል እንጂ ገበያ አይወጣም። በአዲስ አበባም ቢሆን ቡችላ በካርቶን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ «ንጹህ ጀርመን ሼፐርድ ነው» የሚለውን ሻጭ አምኖ የገዛ ሰው ያመነው ሻጩን እንጂ ወረቀት አይደለም። በመሆኑም ጥያቄው በአገራችን ኢኮኖሚ ውስጥ ክብደት የሚያገኘው በበግ፣ በፍየልና በላም ላይ ነው። ለዚህም የበየዳና የአካባቢው የስሜን በግ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ምርጡ ቀድሞ የሚወጣበት ገበያ

የበየዳ ወረዳ የሚገኘው ከራስ ዳሸን ሥር ነው። ዋና ከተማው ድል ይብዛ ይባላል። ውርጩና ከፍታው ከገብስ በቀር ብዙ የሰብል ምርጫ ስለማይሰጥ በግ ለገበሬው የቁጠባ ደብተሩም ኢንሹራንሱም ነው። ከዚያ ተነስቶ ደባርቅ የሚደርስ በግ የቧሂትን ከፍታ መሻገር ይኖርበታል። ገበያ ከደረሰ በኋላ ዋጋ አልስማማም ብሎ መንጋውን ይዞ መመለስ ለባለበጉ ቀላል አይደለም፤ ነጋዴውም ይህን ያውቃል።

የአገራችንን በጎች በመልክ፣ በቁመናና በዘረመል ለይተው የመደቡ ተመራማሪዎች የስሜንን በግ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው አስቀምጠውታል። አጭርና ወፍራም ላት አለው። ከላይኛው ጠጉሩ ሥር ብርድ የሚከላከልለት ሱፍ መሰል ጠጉር ያበቅላል። ከሌሎች የደጋ በጎች ጋር ሲነጻጸር በአካሉ ገዘፍ ይላል፤ አውራዎቹ ቀንዳም ናቸው፣ ከሴቶቹም ቀንድ የሚያበቅሉ አሉ። እንግዲህ ይህ ከቅዝቃዜና ከቀጭን አየር ጋር ተስማምቶ የኖረ ሀብት ነው። ከቆላ የመጣ ወይም ከውጭ የገባ ዝርያ በዚያ ከፍታ እርሱን ይተካል ብሎ መተማመን ያስቸግራል።

ችግሩ የሚጀምረው ገበሬው ገንዘብ ሲቸግረው ነው። ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልጆች ደብተርና ልብስ ወይም ለበዓል ወጪ የሚሆን ብር ሲያስፈልግ ከመንጋው ውስጥ የሚወጣው ቶሎ ያደገውና ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ጠቦት ነው። የቀጨጨው እቤት ይቀራል። እቤት የቀረው ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ሴቶቹን የሚያጠቃው እርሱ ነው። ባለሙያዎች ይህን የተገላቢጦሽ መረጣ ይሉታል። በየዓመቱ ምርጡ ወደ ቄራና ወደ በዓል ገበያ እየሄደ፣ የሚቀጥለውን ትውልድ የሚወልደው ያልተፈለገው ይሆናል ማለት ነው። አንድ አውራ እስከ 25 ለሚደርሱ ሴት በጎች ይበቃል። በዚህ ስሌት በሁለት ዓመት ውስጥ ከ50 ያላነሱ ግልገሎች አባት ሊሆን ይችላል። አንዷ ደካማ እናት የምታደርሰው ጉዳት በጥቂት ግልገሎች ሲወሰን የአንድ ደካማ አውራ ጉዳት ግን ለመንደሩ ሁሉ ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሊጤን ይገባል። ነጋዴዎች «ጥሩ ጠቦት በዓይን ይታወቃል፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በዓይን የሚታወቀው ግን መጠኑ ብቻ ነው። ሁለት እኩል የሚመዝኑ ጠቦቶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንደኛው የ6 ወር፣ ሁለተኛው የ10 ወር ነው። የመጀመሪያው ፈጣን አዳጊ ሲሆን ሁለተኛው ተራ በግ ነው። በግ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቋሚ ጥርሶች የሚያወጣው ዓመት ከሞላው በኋላ ስለሆነ ሁለቱም ገና የወተት ጥርስ ናቸው፤ ከንፈር መግለጥ ምንም አይነግርም። ልዩነታቸውን የሚናገረው የትውልድ ቀን ብቻ ነው።

የመንታው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። መንታ ሆኖ የተወለደ ጠቦት የእናቱን ወተት ከወንድሙ ጋር ስለሚካፈል በ4ኛው ወር ላይ ለብቻው ከተወለደው አንሶ ይታያል። በዓይን የሚመርጥ ሰው ይጥለዋል። እናቱ መንታ መውለዷ ግን ለአርቢው ትልቅ ጥቅም ነው። ያልተጻፈ በመሆኑ ብቻ መንታ የምትወልድ እናት ልጅ ለሥጋ ይሄዳል፤ አንድ የምትወልደው እናት ልጅ አውራ ሆኖ ይቀራል።

የተሰወረው መረጃ

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የተጋሩትም ሻጭና ገዢ እኩል መረጃ በማይኖራቸው ገበያ ላይ ባደረጉት በዚህ መሰል ጥናት ነው። ሐሳቡ ለደባርቅ የበግ ተራ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይገጥማል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ጠቦት ለሥጋ 100 ብር ያወጣል ይባል። ከ4 ጠቦቶች አንዱ ለዘር የሚሆን ምርጥ ነው፤ ይህን የሚያውቅ አርቢ ቢያገኝ 160 ብር ይከፍልበታል። ገዢው ከ4ቱ የትኛው እንደሆነ ካላወቀ ለማናቸውም ቢሆን ከአማካዩ ማለትም ከ115 ብር በላይ ሊሰጥ አይችልም። ይሁን እንጂ ምርጡን ለይቶ የሚያውቅ ባለበግ 160 የሚያወጣውን በ115 አይሸጥም፤ ለራሱ ያስቀረውና ሌሎቹን 3 ብቻ ገበያ ያወጣል። ገዢው ይህን ሲረዳ ዋጋው ተመልሶ 100 ይሆናል። ለይቶ የማያውቀው ወይም ዕዳ ያስጨነቀው ባለበግ ደግሞ ምርጡን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ በሥጋ ዋጋ ለነጋዴ ያስረክባል። በሁለቱም መንገድ የዘር በግ ፈላጊና የዘር በግ ገበያ ላይ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ሥጋ ሻጭና ሥጋ ገዢ ብቻ ይገናኛሉ።

ይህ የበግ ብቻ ችግር አይደለም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት ጊደር የገዛ ሰው «ደሟ 75 በመቶ ነው» የሚለውን የደላላ አነጋገር ሳይሰማ አይቀርም። የቃሊቲው የማዳቀያ ማዕከል ኮርማዎች ቁጥር አላቸው፤ የዘር ፈሳሹ የሚቀመጥበት ቀጭን ቱቦም የኮርማው መለያ አለበት። አዳቃዩ ሥራውን ጨርሶ ቱቦውን ሲጥለው ግን የጥጃዋ አባት ስም አብሮ ይጣላል። ጊደሯ ለገበያ በምትደርስበት ጊዜ 75 በመቶው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ አይገኝም። እውነተኛ ባለ 75 በመቶ ጊደር ያሳደገ ሰውም ከዋሸው ሰው የተለየ ዋጋ አያገኝም።

የውሻ ገበያ ምን ያስተምራል?

እንግሊዞች የሩጫ ፈረሶቻቸውን የዘር መዝገብ ማሳተም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1791 ነው። ሾርትሆርን የተባሉት ከብቶች መዝገብ በ1822 ተከተለ። ውሾች ተራ የደረሳቸው ዘግይቶ ሲሆን የለንደኑ ኬነል ክለብ በ1873፣ የአሜሪካው አቻው በ1884 ተቋቁመዋል። እነዚህ ድርጅቶች ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል፤ ስም የሚያወጣው ሻጩ ነው ወይስ ገዢው?

በእንግሊዙ አሠራር የአንድ እናት ቡችሎች በአንድ ጊዜ የሚመዘገቡት በአርቢው ነው። በመዝገብ የሚሰፍረውን ስም የሚያወጣውም እርሱ ነው፤ የራሱ የንግድ መጠሪያ ካለው በስሙ ላይ ይጨመራል። የገዢው ድርሻ ባለቤትነቱን ማዛወር ብቻ ነው። እቤቱ ወስዶ በፈለገው ስም ቢጠራው የሚከለክለው የለም። በአሜሪካው ደግሞ አርቢው የቡችሎቹን ልደት አስመዝግቦ ለእያንዳንዱ ቅጽ ይቀበላል፤ ቅጹን ለገዢው ካስተላለፈ ስሙን ገዢው ሊያወጣ ይችላል። ይህ ለገዢ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ቅጹን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ የሚረሳ ገዢ ጥቂት አይደለም፤ ያን ጊዜ ቡችላው ከመዝገብ ይወጣል፤ አርቢውም የሸጠው ውሻ የት እንደደረሰ የሚያውቅበት መንገድ ያጣል። ፈረንሳዮች በበኩላቸው ቀላል ብልሃት አላቸው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ባለመዝገብ ቡችሎች ሁሉ ስማቸው በአንድ ፊደል ይጀምራል። ስሙን የሰማ ሰው ፊደሉን አይቶ የትውልድ ዓመቱን ያውቃል።

ከነዚህ ልምዶች ለበግ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነው። እናትን፣ አባትንና የትውልድ ቀንን ሊጽፍ የሚችለው ግልገሉ ሲወለድ በቦታው የነበረ ሰው ብቻ ነው። ከሽያጭ በኋላ የሚደረግ ምዝገባ የባለቤትነት ምዝገባ እንጂ የዘር ምዝገባ ሊሆን አይችልም። በየዳ የተወለደ ጠቦት ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ከደረሰ በኋላ አባቱን ማፈላለግ ከንቱ ድካም ነው።

የውሻው ዓለም የሠራው ስሕተትም አብሮ ሊታይ ይገባል። የአሜሪካው ክለብ ራሱ ምዝገባ ለውሻው ጥራት ወይም ጤና ማረጋገጫ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ለረጅም ዘመን በመዝገብ ይጻፍ የነበረው ዘርና መልክ ነበር፤ መዝገቡም ለውጭ ደም የተዘጋ ነበር። ውጤቱ ፊታቸው ከመጠን በላይ አጥሮ መተንፈስ የሚቸግራቸው እንደ ቡልዶግ ያሉ ውሾች ናቸው። ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ ውሻው ግን ያቃስታል። ስለዚህ የበግ መዝገብ የአባትን ስም ብቻ ጽፎ ክብደትንና ጤናን ከዘነጋ ጥቅሙ ለወረቀት ነጋዴ ብቻ ይሆናል።

መንዝና ቦንጋ

በአገራችን ሙከራው የለም ማለት አይቻልም። ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል /ኢካርዳ/፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም /ኢልሪ/ እና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የኅብረተሰብ የበግ እርባታ ፕሮግራም ጀምረዋል። ከዚያ በፊት ዋናው አካሄድ እንደ አዋሲ ያሉ የውጭ ዝርያዎችን አስገብቶ በመንግሥት ጣቢያ ማዳቀልና ዲቃላውን ለገበሬ ማከፋፈል ነበር። አዲሱ አካሄድ የሚነሳው ገበሬው እጅ ካለው በግ ነው።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአንድ መንደር በግ አርቢዎች ይደራጃሉ። እያንዳንዱ ግልገል ሲወለድ በጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ የትውልድ ቀኑ፣ የእናቱ ቁጥር፣ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑና የልደት ክብደቱ ይጻፋል። ጡት ሲጥል እንደገና ይመዘናል፣ 6 ወር ሲሞላውም እንዲሁ። የመጀመሪያው ምርጫ የሚካሄደው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ይህ ዕድሜ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ገበሬው ጠቦት መሸጥ የሚጀምርበት ጊዜ በመሆኑ ነው። ምርጦቹ በዚህ ጊዜ ካልተያዙ ነጋዴ ይቀድማል። ሁለተኛውና የመጨረሻው ምርጫ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የመዝገቡ ቁጥርና የሽማግሌዎቹ ዓይን አብረው ይፈርዳሉ፤ መዝገቡ ከፍ ያደረገውን ጠቦት አርቢዎቹ በላቱ፣ በቀለሙ ወይም በአቋሙ ሊጥሉት ይችላሉ። ያለፈው አውራ ለመንደሩ ሴት በጎች በጋራ ያገለግላል፤ የወደቀው ተኮላሽቶ ይደለባል ወይም ይሸጣል። የቦንጋ ማኅበራት አውራዎች ከአካባቢው ውጪ ላሉ ገዢዎችም ይሸጣሉ፤ ዋጋቸውም ከሥጋ በግ የተለየ ነው።

በነዚህ መንደሮች ትልቁ ለውጥ የዋጋው መጨመር ብቻ አይመስልም። ምርጡ ጠቦት ቀድሞ እንዳይሸጥ የሚያደርግ ምክንያት መገኘቱ ነው። ጆሮው ላይ ቁጥር ያለው ጠቦት በ6ኛው ወር ይመረጥ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፤ መጠበቁም የተገላቢጦሹን መረጣ ያቆመዋል።

ስም ወይስ ቁጥር?

በስሜን አካባቢ ስለ እንስሳ ስም ሲነሳ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ከበየዳ ጋር በምትጎራበተው ጃን አሞራ፣ ደረስጌ ማርያም ላይ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። የፈረሱ ስም የጌታው ክብር ነው። የነዚያ ፈረሶች እናትና አባት እነማን ነበሩ ቢባል ግን መልስ የሚሰጥ አይገኝም። ስም ነበረ፤ መዝገብ ግን አልነበረም።

ገበሬውም ዛሬ በሬዎቹን ቦራ፣ ዳለቻ፣ ቡሬ እያለ በመልካቸው ይጠራቸዋል። ለእርሻ ይበቃል። ለዘር ገበያ ግን አይሆንም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ቦራ እንዳለ መገመት ነው። ከዚህ አንጻር ለሁሉም ግልገል ቁጥር፣ ተመርጦ ላለፈ አውራ ደግሞ ስም መስጠቱ የተሻለ ነው። ቁጥሩ የትውልድ ዓመትን፣ የመንደሩንና የግልገሉን ተራ ቢይዝ የፈረንሳዮቹን ፊደል ሥራ ይሠራል። ስሙ ለማስታወቂያ ይጠቅማል፤ ገዢ «የእገሌ አውራ ልጆች» ብሎ መፈለግ ሲጀምር የንግድ ምልክት ሆነ ማለት ነው።

የአባት ጉዳይ ግን ሐቀኝነትን ይጠይቃል። በጋራ ግጦሽ ላይ የብዙ ቤት መንጋ ተደባልቆ ስለሚውል እረኛው የትኛው አውራ የትኛዋን ሴት እንዳጠቃ ሁልጊዜ አያይም። አሜሪካኖች ለአንዲት እናት ከአንድ በላይ አባት የሚጠረጠርበትን የቡችሎች ልደት የሚመዘግቡት በዘረመል ምርመራ ነው። ለበየዳ በግ ይህ የማይታሰብ ወጪ ነው። ስለዚህ መዝገቡ የማያውቀውን አባት ፈጥሮ ከመጻፍ «ከመንደሩ 3 አውራዎች የአንዱ ልጅ» ብሎ ቢጽፍ ይሻላል። ሦስቱም የተመረጡ ከሆኑ ገዢው ብዙ አይጎዳም። አንድ የፈጠራ አባት የተገኘበት መዝገብ ግን የቀሩትን እውነተኞች ሁሉ ያስጠረጥራል።

ወጪው የማን ነው?

ከላይ ወደተጠቀሰው ምሳሌ መመለስ ያስፈልጋል። አንድ አርቢ በዓመት 8 ግልገሎች ያገኛል እንበል፤ 4ቱ ወንዶች፣ ከነዚህም አንዱ ለዘር የሚሆን ነው። የትኛው ምርጥ እንደሚሆን ሲወለዱ ስለማይታወቅ 8ቱንም መመዝገብ አለበት። ለብቻው ቢሠራው የጆሮ ቁጥሩ፣ ሚዛኑና ድካሙ በግልገል 5 ብር፣ በጠቅላላው 40 ብር ይሆንበታል። ምርጡን ጠቦት እስከ ዓመቱ ማቆየት 30 ብር ይጨምርበታል። ወጪው 70 ብር፣ ትርፉ ግን በ160 እና በ100 መካከል ያለው 60 ብር ነው። 10 ብር ከሰረ ማለት ነው። አርቢው አልመዘግብም ቢል ሰነፍ ሊባል አይገባውም፤ ሒሳቡን አውቆ ነው።

30 አርቢዎች አንድ ሚዛን፣ አንድ የጆሮ ቁጥር መሣሪያና አንድ መዝጋቢ በጋራ ሲይዙ የምዝገባው ወጪ በግልገል ወደ 2 ብር ቢወርድ ጠቅላላው 16 ብር ይሆናል። የማቆያው 30 ብር ተጨምሮ 46 ብር። ትርፉ 60 ብር በመሆኑ 14 ብር ይተርፋል። በዚህ ላይ ተደራጅተው ስለሚሸጡ ገዢ አንድ ቦታ መጥቶ አማርጦ 10 እና 20 አውራ ሊጭን ይችላል። ለአንድ ጠቦት ብሎ ከጎንደር ተነስቶ በየዳ ድረስ የሚሄድ ነጋዴ የለም። መዝጋቢው የግድ የተማረ ባለሙያ መሆን የለበትም፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች የአርቢ ልጅ ሥራውን በደንብ ልትሠራው ትችላለች።

ለእርድ ብቻ የሚያረባ ሰውስ? እርሱ የዘር መዝገብ አያስፈልገውም። ሙክት አደልቦ ለፋሲካ የሚሸጥ አርቢ ገንዘቡን በመኖና በክትባት ላይ ቢያውል ይበልጥ ያተርፋል። በሁሉም በግ ላይ ምዝገባን በመመሪያ ለመጫን መሞከር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሌላው እንቅፋት የገበሬው ሥጋት ነው። መዝገብ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ግብርን ነው። ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች ደግሞ በርከት ያለ በግ አለው ተብሎ የተጻፈ አባወራ ከእርዳታው ዝርዝር እወጣለሁ ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ መሠረተ ቢስ ነው ብሎ ማጣጣል አይቻልም። መዝገቡ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በአርቢዎቹ ማኅበር እጅ ቢቆይና የሚመዘግበው የሰውን ሀብት ሳይሆን የግልገሉን ልደት ቢሆን ሥጋቱ በከፊል ሊቃለል ይችላል። በከፊል ብቻ ነው፤ ማንም ደብተር የያዘ ሰው ሊጠየቅ እንደሚችል ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል።

ደላሎችስ ምን ይሆናሉ? ዛሬ ደላላው የሚሸጠው ዋናው ነገር «የማን በግ ጥሩ ነው» የሚለውን እውቀቱን ነው። መዝገብ ይህን እውቀት ለሁሉም ስለሚያደርሰው ኮሚሽኑ ይቀንስ ይሆናል። በአንጻሩ ደግሞ ባለመዝገብ አውራ ከሩቅ የሚፈልግ ገዢ ወኪል ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩን ከደብተሩ አመሳክሮ፣ ጫኝ አስማምቶ የሚልክ ሰው ይፈልጋል። ይህን ሥራ ቀድሞ የያዘ ደላላ አይጎዳም። የሚጎዳው ከሞተ በግ ጆሮ ቁጥር ነቅሎ ሌላ ላይ ለመሰካት የሚያስበው ነው። ለዚህም የጆሮ ቁጥሩ አንዴ ከተነቀለ መልሶ የማይሰካ ዓይነት እንዲሆንና በደብተሩ ላይ የበጉ ቀለም፣ የቀንዱ ቅርጽና ልዩ ምልክቱ አብሮ እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

መዝገብ ከሌለበት መንደር በዚህ ዓመት አውራ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከገበያ ባይገዛ ይመረጣል። እስከ አርቢው ቤት መሄድ የአንድ ቀን ድካም ነው። እዚያ ሲደርስ እናቱን አሳየኝ ይበል፤ ጡቷንና ጥርሷን ይይ። በዚያው ወቅት የተወለዱ ሌሎች ግልገሎችን አጠገቡ አስቁሞ ያወዳድር። ስለ ትውልድ ቀኑ ሲጠይቅ ወርና ቀን ቢያጣ «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የበየዳ እናቶች በበዓል አስታውሰው ከሚነግሩት ብዙ አይሳሳቱም። ዋጋውንም ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለተኛውን ክፍያ አውራው ሴቶቹን አስረግዞ ከታየ በኋላ ለመክፈል መዋዋል ይቻላል፤ የበግ እርግዝና 5 ወር ገደማ ነው። ምዝገባ ለመጀመር ያሰበ ማኅበር በበኩሉ ሚዛኑን ከመጪው የመውለጃ ወራት በፊት መግዛት ይኖርበታል። የልደት ክብደት መመዘን ያለበት ግልገሉ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው።